በሩ ያየው

ድሬዳዋ ውስጥ በር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው ሲያይ ይከርማል። ማን እንደሚጣደፍ፣ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ዕቃ ተሸክሞ እንደሚመጣ አይቶ አከፋፈቱን በዚያው ያበጃል፤ ተማሪ በር የሚሉትም ለዚህ ነው። የምትኩ እንጀራ እነዚህን በሮች ማስተማር ነበር።

ያን ዓመት የደረሰው ተማሪ ግን ዕድሜው ከምትኩ ቅድመ አያት የሚበልጥ ነበር፤ በባቡሩ ዘመን የተሠራ መጋዘን የብረት በር። መጋዘኑ አሁን ከፀሐይ ኃይል የሚያጠምድ ሸራ ይሰፋበታል። በሩ ቅርስ ነው ተብሎ ስለማይነቀል፣ ምትኩ ብረቱ ውስጥ የሚያይ፣ የሚያስብና የሚናገር ቀጭን ክር ቀበረበት፤ ደፉንም ለተሽከርካሪ ወንበር ጠርቦ ዝቅ አደረገው። የአሮጌ መጋዘኖች ደንብ አጭር ነው፤ አደጋ ሲመጣ ማንም ሰው የሌላ እጅ ሳይጠብቅ መውጣት መቻል አለበት።

ነፊሳ ከሰፊዎቹ ሁሉ እጀ ወርቅ፣ እግሮቿ የማይታዘዙላት፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ወንበሯን ወደ በሩ ባዞረች ቁጥር ምትኩ መፍቻውን ጥሎ ይሮጥና ከኋላ ይዞ ይገፋላታል።

«አቦ ተወኝ! እጅ አለኝ እኮ» ትለዋለች።

«እኔ እያለሁ? ነውር አይደለም እንዴ!»

መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ዝም አለች። ምትኩ ዝምታዋን ምስጋና አድርጎ ቆጠረው።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ነፊሳ ብቻዋን ስትሰፋ አንድ የሸራ ባትሪ ተቀጣጠለ። ምትኩ ከግቢው ማዶ ብረት ሲደበደብ ሰምቶ በረረ። በሩ አጠገብ ሲደርስ፣ ገና ሳይነካው፣ ወለል ብሎ ተከፈተ። ነፊሳ ጡጫዋ ደምቶ፣ ጭሱ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተደፍታ አገኛት።

ተረፈች። ድምጿ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያ ሳቋም ዳግም አልተሰማም።

ምትኩ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ። የተበጠሰ የለም። ቢቸግረው በሩን ራሱን ጠየቀው።

«ለምን አልከፈትክላትም?»

«ወንበሩ መጥቶ ነበር» አለ በሩ በተረጋጋ ድምፅ። «የሚገፋው ሰው ግን አልመጣም። ያለ እሱ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ጠበቅኩት።»

ምትኩ እዚያው ቁጢጥ አለ። ብልሽት ቢሆን ኖሮ በጠገነው ነበር። ያስተማረው ራሱ ነው፤ ያውም በደግነቱ።

ከርሞ ነፊሳን ለምኖ አመጣት፤ በሩ እንደገና መማር ነበረበት፣ ያለ እሷ ደግሞ አይማርም። ምትኩ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳው ጋ ቆመ። ነፊሳ ወንበሯን ራሷ እየገፋች ቀረበች። በሩ ትንሽ አመነታና መከፈት ጀመረ። ደፉ ጋ ስትደርስ አንዱ ጎማ ተንሸራቶ ወንበሩ ዘመም አለ።

ምትኩ መቼ እንደተንቀሳቀሰ አላወቀም። እጆቹን ተዘርግተው አያቸው።

በሩም ግማሽ ላይ ቆሞ እሱን ጠበቀ።

ነፊሳ ጎማዋን አስተካክላ ወደ እሱ ዞረች። «አቦ ምትኩ» አለች በዚያ በሻከረ ድምጿ፣ «እሱስ ብረት ነው፣ ይማራል። አንተስ?»

ወንበሯን ወደ ኋላ መልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ምትኩም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።