የክሮምዌል መሳቢያ

ከትበርት ሎማክስ ዓርብ ጠዋት ከምድጃው ሥር ወድቆ ሲገኝ ከሞተ ከግማሽ ቀን በላይ ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ሰዓት በሩን ያንኳኳ፣ ስልክ የደወለ አንድም ሰው አልነበረም። ኢንስፔክተር ሂልዳ ትዌይትን ከሬሳው ይልቅ የከነከናት ይኸው ነው። እሷም ባሏን ከቀበረች ወዲህ በአንድ ሳህንና በአንድ ሹካ የምትኖር ሴት ናት፤ ማድቤት ገብታ የተደፋውን አንድ ሲኒ ስታይ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ የእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ የሸሪንግሃም የኅዳር ንፋስ ከባሕሩ እየመጣ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ሳጅን ሃርግሪቭ። ቶሎ መደምደም የሚወድ ሰው ነው። «ሽማግሌው ትናንት ጨረታ ላይ ያሸነፈውን የብር ሳንቲም አጫራቹ ከሰዓት በኋላ ቤቱ አምጥቶ አስረክቦታል። ማምሻውን አንድ ሰው ገፍትሮት ጭንቅላቱ ከምድጃው ድንጋይ ጋር ተላተመ። ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞተው ብሏል። ሳንቲሙ የለም። ቁልፍ ያላት ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት።»

«በሩ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ነው» አለች ትዌይት። «ሎማክስ ራሱ አስገብቶት የወጣ ሰውም ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙ የለም ያለህ ማን ነው?»

«አጫራቹ ሚስተር ሾ። የትኛው መሳቢያ ውስጥ መሆን እንዳለበት እሱ ነው ያሳየን። ሴትዮዋን ዛሬውኑ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

ሠራተኛዋ ኖራ ፔል ኮቷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ማድቤት ተቀምጣለች። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።

«የኔ እናት፣ እኔ የምኖረው በሰው ቤት ቁልፍ ነው» አለች። «አምስት ቤት አጸዳለሁ። ስሜ ፍርድ ቤት አንዴ ከተጠራ፣ ነጻ ነሽ ቢሉኝስ ማን መልሶ ቁልፉን ይሰጠኛል?»

«ሳንቲሞቹን ይነኳቸው ነበር?»

«አንዴ ብቻ። አንዱ ጠቁሮ ሳየው፣ ደስ ይለዋል ብዬ በአመድ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁለት። ሰውየው አለቀሰ። ‹የሦስት መቶ ዓመት መልኩን ነው ያጠብሽው› አለኝ። ለካ ሳንቲም ሰብሳቢ ቆሻሻም ቢሆን አይጠርግም። እኔ ምን አውቄ? ቆሻሻ ሳይ እጄ አያርፍም።»

«ሰው ይመጣበት ነበር?»

«ድሮ ጓደኛው ሚስተር ኦጀርስ ይመጡ ነበር። ከተጣሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ አስቀምጦ የሳምንቱን ወሬ ሁሉ እኔ ላይ ያራግፋል። ግማሹ አይገባኝም። ዝም ብዬ እሰማው ነበር።»

አጫራቹን ጊልበርት ሾን ትዌይት ከጨረታው አዳራሽ ወንበር ሲሰበስብ አገኘችው። ሎማክስ ጨረታው ላይ እንዳልተገኘ፣ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ ግን በጽሑፍ ትቶለት እንደነበር ነገራት።

«ኦጀርስ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር» አለ። «እጁን ባነሳ ቁጥር እኔ በሎማክስ ስም እጨምራለሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ እጁን አወረደ።»

«በማን እንደተሸነፈ ያውቃል?»

«እኛ ስም አንናገርም። ግን መኪናዬ ማን ደጃፍ እንደቆመች ከተማው በሙሉ አይቷል።»

ሳንቲሙ የኦሊቨር ክሮምዌል መልክ ያለበት ነበር፤ ንጉሥ አንደኛ ቻርልስን አንገቱን አስቆርጦ አገሩን ያለ ዘውድ የገዛው ሰውዬ።

«ታዲያ ቦታው የት ነው?»

«ይሄማ ይጠየቃል? በአንደኛውና በሁለተኛው ቻርልስ መካከል ነዋ። ሁሉም ሰው የሚደረድረው በዘመን ነው። እዚያ ፈለግን፣ የለም።»

ዊልፍሬድ ኦጀርስ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ በሩን የከፈተው ናፕኪኑን አንገቱ ላይ እንደሻጠ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያልተነካ እንቁላል ቀዝቅዟል።

«ሠላሳ ዓመት አብረን በባቡር ጨረታ አሳድደናል» አለ። «አንዳችን በፈለግነው ላይ ሌላው እጁን አያነሳም፤ ቃላችን ነበር። በኋላ የኔን ሽልንግ ሰው ፊት ፎርጅድ ነው አለኝ።»

«ነበር እንዴ?»

«ነበር። ግን ሰው ፊት ይባላል?»

ትዌይት ሳቋን ዋጠች። «ትናንት ማምሻውን የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የት እሄዳለሁ? መሄጃዬ እሱ ነበር።»

«የሎማክስን የሳንቲም ሣጥን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ። እያንዳንዷን ቀዳዳ በእጄ ነው የፈለፈልኳት።»

ትዌይት ወደ ሎማክስ ቤት ተመልሳ ከሣጥኑ ፊት ተንበረከከች። መሳቢያዎቹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ሳበቻቸው፤ ሳንቲሞቹ በየክብ ቀዳዳቸው ተኝተዋል። በመጨረሻ የሣጥኑን እግር የመሰለውን ጠርዝ ብትገፋው ወደ ውስጥ ገባና ተመልሶ ተከፈተ። ከውስጡ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለበት መሳቢያ ወጣ። ክሮምዌል እዚያ ተቀምጧል፤ ጉንጩ ላይ አመድና የደረቀ ደም አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሳጅኑን፣ ኖራን፣ ሾንና ኦጀርስን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኖራ ቦርሳዋን እንደያዘች ከሳጅኑ አጠገብ ቆማለች።

«ሳንቲሙ አልተሰረቀም» አለች ትዌይት። «ደም ስላለበት መሳቢያው የገባው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ሎማክስ ደግሞ ወዲያው ስለሞተ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ሌባ ቢሆን ኪሱ ይከተው ነበር። ሚስስ ፔል ብትሆን፣ ቆሻሻ አይታ እጇ አያርፍም፤ ትጠርገው ነበር። ያልጠረገው ሰው፣ እንዲያ ደንግጦ እንኳ፣ ሳንቲም እንደማይጠረግ ያልረሳ ሰብሳቢ ነው።»

«ሳንቲም እኮ የኔም ሙያ ነው፤ እኔን ነው የሚሉት?» አለ ሾ።

«እርስዎ ፖሊሶቹን የመሩት ወደ ቻርልሶቹ ነው። ይህን መሳቢያ አያውቁትም። የሚያውቁት የሣጥኑ ባለቤትና የሠራው ሰው ናቸው። ሚስተር ኦጀርስ፣ ክሮምዌልን ለምን ለብቻው?»

ኦጀርስ በጣቱ ወደ ሣጥኑ ጠቆመ።

«ንጉሥ ገዳይ ከነገሥታት ጋር አይቀመጥም ብሎኝ ነው። ክሮምዌሉ ሳይኖረን ነው ቦታውን የሠራሁለት። ሃያ ዓመት ባዶውን ነበር።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ለምን ጨረታ ላይ እንደተፎካከረኝ ልጠይቀው ነው የመጣሁት። ሳቀብኝ። ‹እሑድ ና፣ እሑድ እነግርሃለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ሳንቲሙ ከእጁ አመዱ ላይ ወደቀ። እዚያ ልተወው አልቻልኩም።»

«ለሳንቲሙ ማደሪያ ፈለጉለት» አለች ትዌይት። «ሰውየውን ግን መሬት ላይ ጥለውት ሄዱ።»



«እሑድ ሰባ ዓመት አይሞላዎትም እንዴ?» አለች ኖራ ቀስ ብላ። «ሰውየው ኬክ ጋግሪ ብሎኝ ነበር። ለማን ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።»

ትዌይት ከሐኪሙ ዘንድ የደረሳትን ትንሽ ክብ ወረቀት አወጣች፤ የተገኘው በሟቹ ሰደርያ ኪስ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሳንቲሙ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የገዛ ሁሉ ከቀድሞው ባለቤት ስም ሥር የራሱን ይጽፍበታል። አራት የደበዘዙ ስሞች ነበሩበት። አምስተኛው አዲስ ቀለም ነው፣ በሎማክስ የእጅ ጽሑፍ፦ ዊልፍሬድ ኦጀርስ።

ኦጀርስ መነጽሩን አድርጎ እጇ ላይ እንዳለ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«የራሱን ስም ዘሎታል» አለ።

ከዚያ ወደ ኖራ ዞረ። «ሊወስዱሽ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ» አለች ኖራ።

ሳጅኑ ክንዱን ሲይዘው ኦጀርስ ብዕር ጠየቀ። ከራሱ ስም በላይ አንድ ስም የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር።

«አይቻልም» አለች ትዌይት። «ማስረጃ ነው።» ይህን ማለት እሷንም ከበዳት።

«እንግዲያውስ ነገሩ ሲያልቅ እናንተ ጻፉለት» አለ ኦጀርስ። «አንድ ቀንም ቢሆን የእሱ ነበር።»