ማንም ያልፈለጋት አሪዞና

እሁድ ከምሳ በኋላ የቶሌፍሰን ቤተሰቦች ብርዳሟን ሚኒሶታን ለቀው በረሃማዋ አሪዞና ለመግባት በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። መሄድ የፈለገ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ሶልቬይግ ያኔ የምታውቀው የራሷን ልብ ብቻ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የበረዶ ሆኪ ቡድን በረኛ ሆናለች። ለዚህች ቦታ ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ በኳስ ፈንታ በሚመታው፣ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ክብ ጎማ ስትደበደብ ኖራለች።

ነገሩን ያመጣው የአባቷ ታላቅ ወንድም ዱዌን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አሪዞና ገብቶ የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ሥራው በዛበትና «ና አብረን እንሥራ፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ» አለው አባቷን። አባቷ ኬንት የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። «ያው ነው እኮ፣ አንዱ ያሞቃል አንዱ ያቀዘቅዛል» አለው ዱዌን።

አባቷ ወረቀት አምጥቶ መሐሉን በማስመሪያ ከፈለው። በአንዱ በኩል «የሚኒሶታ ጥሩ ጎን»፣ በሌላው በኩል «የሚኒሶታ መጥፎ ጎን» ብሎ ጻፈና ወረቀቱ ጠረጴዛውን ዞረ።

እናቷ ማርሊስ በመጥፎው በኩል «በረዶ መዛቅ። የኬንት ወገብ» ብላ ጻፈች። አባቷ «ብርዱ። የማርሊስ ጣቶች» አለ። ስምንት ዓመት የሞላው ወንድሟ ኔልስ «ጠዋት ጠዋት የሽንት ቤቱ መቀመጫ» አለ። ተራው ሶልቬይግ ጋ ሲደርስ እናቷን አየቻት። እናቷ ዱዌን የላከውን የመዋኛ ገንዳ ፎቶ ይዛ ፈገግ ብላለች። ስለዚህ «ቢንቢ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና «ትልልቅ ቢንቢ» አደረገችው።

በጥሩው ጎን ማንም ምንም አልጻፈም። እዚያ መጻፍ «እኔ መቅረት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። በዚህ ቤት ደግሞ እፈልጋለሁ አይባልም። ትሪ ላይ የቀረች የመጨረሻ ቁራሽ ኬክ እንኳ የሚያነሳት የለም። አንዱ ግማሿን ይቆርጣል፣ ሌላው የግማሿን ግማሽ፣ በማግሥቱ ጥፍር የምታክል ፍርፋሪ ትሪው ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ትገኛለች።

«እንግዲህ ግልጽ ነው» አለ አባቷ።

«ግልጽ ነው» አለች እናቷ።

«መጥፎ አይደለም» አለ አባቷ። ልጆቹ ሲወለዱም ያለው ይህንኑ ነው።

ሰኞ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ ማይ ቫንግ የጉልበት መከላከያዋን እያሰረችላት ጉዱን ሰማች። ማይ የቡድኑ ተከላካይ ናት።

«አንቺ ወረቀቱ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ቢንቢ።»

«በኅዳር? በዚህ ብርድ?»

«እማዬ መሄድ የምትፈልግ መስሎኝ ነዋ!»

«ጠይቀሻታል?»

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት?»

«በአፍሽ!» ማይ ማሰሪያውን ጭምቅ አደረገችው። «ኧረ ባክሽ፣ እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ ግን? እኛ ቤት እናቴ አንድ ነገር ካልፈለገች ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። አሁን አሰልጣኛችንን ምን ልበላት? በረኛችን ቢንቢ ፈርታ በረሃ ገባች?»

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ያለችው የዓሣ ማጥመጃ ቤት ምድጃዋ ነዶ ትጨሳለች። ሐይቁ በረዶ ሆኖ በደንብ ሲጠጥር አባቷ በመኪና ጎትቶ በረዶው ላይ የሚያቆማትና በረዶውን በስቶ ዓሣ የሚያጠምድባት፣ ቁም ሳጥን የምታክል የእንጨት ቤት ናት። አባቷ ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ቀለም ይቀባል።

«ለገዢው ላሳምራት ብዬ ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

«ገዢ ተገኘ?»

«ማስታወቂያ ገና አላወጣሁም።» ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። «መደርደሪያም ጨመርኩላት።»

«አባዬ፣ መሄድ ትፈልጋለህ?»

«የእናትሽ ጣቶች እኮ በብርድ…»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

አባቷ ግድግዳውን አየ። «አሪዞናም ሐይቅ አለ ይላሉ» አለ። ለቅሶ ቤት የሚያጽናና ሰው ይመስላል።

እናቷ ምድር ቤት ዕቃ እየጠቀለለች ነው ተብሏል። ሶልቬይግ ስትወርድ የተጠቀለለው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አባዬ መሄድ አይፈልግም።»

«ለእኔ ብሎ ነው እንደዚያ የሚለው። ወገቡን እንዴት እንደሚያመው የማውቀው እኔ ነኝ።»

«አንቺስ ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ የትም ቢሆን ግድ የለኝም።» ብርጭቆውን ፈታችና እንደገና ጠቀለለችው። «እዚያ ጊንጥ አለ አሉ። ጠዋት ጫማሽን አራግፈሽ ነው የምታደርጊው። መቼስ ይለመዳል።» ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሶልቬይግ ወደ ጓሮ ሮጠች። «አባዬ፣ እማዬም አትፈልግም!»

«ለእኔ ብላ ነው» አለ አባቷ፣ መቀባቱን ሳያቆም።

መጮህ አማራት። እውነቱን ብትነግራቸውም ይሉኝታ ነው ብለው ያልፉታል። በዚህ ቤት እውነትና ይሉኝታ መልካቸው አንድ ነው።

ሐሙስ በረዶ ጣለ። እናቷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ስትመልስ መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ገባች። ማንንም አልጠሩም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ሦስት ጎረቤቶች ገመድና አካፋ ይዘው መጡ፣ ጎትተውም አወጧት። ከዚያ ስንብቱ መጣ። «እንግዲህ እንሂድ» ይላሉና ይቆማሉ። ስለ መንገዱ ያወራሉ። «በሉ እንግዲህ» ይላሉና ደግሞ ስለ አንዱ ጎረቤት ጉልበት ቀዶ ጥገና ያወራሉ። መኪናዋን ለማውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀ፣ ለመሰናበት አርባ ደቂቃ። የሶልቬይግ የእግር ጣቶች በብርድ ደንዝዘው መኖራቸውም ጠፋት። ይህ ወረቀቱ ላይ በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ አሰበች። ብቻ የትም ሌላ ቦታ መቆም እንደማትፈልግ ገባት።

ዓርብ እራት ላይ ስልኩ ጮኸ። ዱዌን ነው። አባቷ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

«እሺ ወንድሜ! እኔ በቁምጣ ነው ያለሁት! እሳት ዳር ናችሁ ወይስ ብርድ ልብስ ውስጥ? ምን ወሰናችሁ?»

አባቷ እናቷን አየ። እናቷ አባቷን አየች። ሁለቱም ጥርሳቸው ሊነቀል ወንበር ላይ እንደወጡ ሰዎች ፈገግ አሉ።

«እንግዲህ…» አለ አባቷ። «እንግዲህ እኛ…»

ሶልቬይግ ወደ ስልኩ ተጠጋች። ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ እዚህ ቤት ከስርቆት አይተናነስም። ዝም ብትል ደግሞ አባቷ ዓረፍተ ነገሩን ሊጨርሰው ነው።

«አጎቴ፣ አንመጣም!»

«ማን ነው?»

«ሶልቬይግ ነኝ። መሄድ አልፈልግም። ለማንም ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። በረኛ ነኝ፣ ቦታዬን ለማንም አልሰጥም። እዚሁ መኖር እፈልጋለሁ።»

የኔልስ ሹካ ሳህኑ ላይ ወደቀች። «እንደዚህ ማለት ይቻላል እንዴ?» አለ። «እኔም አልፈልግም!»

ዱዌን ወንድሙን ጠራ። «ኬንት?»

«ልጆቹ እንግዲህ…» አለ አባቷ። «ልጆቹን ላስከፋ አልችልም።» ሊዘፍን ምንም አልቀረውም።

ዱዌን አኩርፎ ዘጋው።

እናቷ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። «ሶልቬይግ ቶሌፍሰን! ትልቅ ሰው አፍ ላይ እንዲህ ይገባል? ምን ዓይነት ብልግና ነው!»

«ይቅርታ።»

«እኔን አይደለም፣ አጎትሽን! አሁኑኑ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

«በደንብ አድርገሽ» አለ አባቷ። ካፖርቱን እየለበሰ ነው።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?» አለችው እናቷ።

«ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ልይ።» በሩን ዘግቶ ሳይርቅ ማፏጨት ጀመረ።

ሶልቬይግ ስልኩን ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች። እናቷ ተከተለቻት። ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ይቅርታውን ግን አታብዢው» አለች በሹክሹክታ። «ደግሞ አንጀቱ ይራራና እንደገና ኑ ይለናል።»

ሶልቬይግ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ደወለች። አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችና ዘጋችው።