ከኮንሰርቱ በፊት

ዶሮቴያ ያን ቀን ያለቀሰችው አሟት አልነበረም፤ ፈርታ ነው። በፈረንጆቹ 2006 የካቲት ላይ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚገኘው ቤቷ ደጃፍ በረዶ አንሸራትቷት በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ፒያኖ ተጫዋች ናት፤ ከጀርመን ድረስ ያመጣት፣ እንጀራዋም ስሟም ያ እጅ ነው። ሆስፒታል ሄዳ ራጅ ክፍል ውስጥ የተቀበላት ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለሰ የሚሠራው ፍሬአብ ነበር።

«እጅሽን እዚህ ላይ አሳርፊልኝ። ቀስ ብለሽ» አላት። እንደ እንቁላል ነበር የያዘው።

«ተሰብሯል?»

«ማንሳት የእኔ ሥራ ነው፤ መናገር የሐኪሙ። እኔ እንድናገር አይፈቀድልኝም።»

አፉስ ሕጉን ጠበቀ። ፊቱ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ምስሉን ሲያይ እንደ ሕፃን ፊት በራ። አልተሰበረም! ዶሮቴያ ሐኪሙን አልጠበቀችም፤ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። እሱ ደንግጦ ወደ ግድግዳው ዞረ። እሷ በኋላ ስትናገር የወደደችው እዚያው ነው፤ መደበቅ የማይችል ፊት አይታ አታውቅም ነበር።

በሳምንቱ የኮንሰርት ቲኬት ይዛለት መጣች። ከዚያ ወዲያ ሺፍት በሌለው ቀን ሁሉ አሌክሳንድሪያ ነው። እሷ ስትለማመድ እሱ ሶፋው ጥግ ሆኖ ዝም ብሎ ይሰማታል፤ ቀና ስትል ዓይኑን ታገኘዋለች፤ ሁለቱም ያፍራሉ። እሑድ እሑድ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጀርመን፣ ኤርፉርት ላሉት እናቷ ትጫወትላቸዋለች። ፒያኖ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አርጅተውም «ግራ እጅሽ ቸኩሏል» ማለቱን አልተዉም።

የፍሬአብ እናት አዲስ አበባ ስለነበሩ፣ እዚህ እንደ እናት የሆኑለት አክስቱ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ናቸው።

«ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉት።

«ፒያኖ መጫወት።»

«እሱስ ይሁን፤ ሥራዋን ነው እኮ የጠየቅኩህ!»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ዶሮቴያን ባዩዋት ቀን ዶሪዬ ብለው አቀፏት፤ ነጠላም ሸለሟት።

በ2009 ግንቦት፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አሮጌ አዳራሽ ስትጫወት፣ ስልኳን እንደ ልማዷ ለፍሬአብ ሰጠችው። መድረክ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት እህቷ ከጀርመን ደወለች። እናታቸው ዐርፈዋል። ፍሬአብ «ስትጨርስ እኔ እነግራታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ዶሮቴያ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብላ ፊተኛው ረድፍ ላይ ፈለገችው። ፈገግ አለላት። እሷም ደስ ብሏት ወጣች። ሲያልቅም ምንም ሳይነግራት፣ ስልኳንም እንደያዘ ቤቷ አደረሳት።

በማግስቱ ንጋት ላይ ደጇ ተንኳኳ። ፍሬአብ፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ጓደኛው ኪዳኔና ሌሎችም ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ነገሯት። ስትወድቅ ደገፏት፤ አስቀመጧት።

«መቼ?» አለች።

«ትናንት» አላት ፍሬአብ።

«ከኮንሰርቱ በፊት?»

ፍሬአብ አንገቱን ደፋ።

«እያወቅክ ፈገግ አልክልኝ!»

«ዶሪ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው። ሰው ሥራ ላይ እያለ፣ ብቻውን እያለ አይረዳም። ወዳጆቹ ተሰብስበው፣ በጠዋት...»

«እናቴ ሞታ እኔ ለጭብጨባ ጎንበስ ቀና አልኩ። እየሳቅኩ! ከእንግዲህ ፊትህን እንዴት ብዬ ልመን?»

ለቀብር ሄደች፤ ስትመለስ ዕቃዋን ሰብስባ ሃምቡርግ ገባች። እሱም አልለመናት፤ ጥፋቱ ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይለምናል?

ከዚያ በኋላ ያለው የዝናዋ ዘመን ነው። ቪየናም ቶኪዮም አጨበጨቡላት፤ አልበም አወጣች። ቀና ስትል የምታገኘው ዓይን ግን አልነበረም። ያልተቋረጠው የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ስልክ ብቻ ነው፤ ለገና ለፋሲካ ኮል ሳያደርጉላት አያልፉም። የፍሬአብን ስም አያነሡም፣ እሷም አትጠይቅም። አገባ እንዳይሏት ግን ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታዳምጣቸው።

በ2015 እዚያው አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንድትጫወት ተጋብዛ መጣች። በዚያው ቀን ጠዋት ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደወሉ።

«ዶሪዬ፣ ፍሬአብ ዛሬ ሊሰማሽ ይመጣል» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴ ትብለጥ፣ እናቱ፣ ዐርፋብናለች። ነገ ንጋት ላይ ነው የምናረዳው። ፌስቡክ ላይ እንዳያይብን ፈራን። ማታ ኪዳኔ አብሮት ያድራል፤ እስከዚያ አንቺ ያዢልኝ።»

«አልችልም፣ እትዬ። እኔ ላይ የተደረገውን እሱ ላይ አላደርገውም። እነግረዋለሁ።»

ወይዘሮዋ አልተቆጡም። «እሺ፣ ንገሪው። ግን ሲወድቅ አብሮሽ ማን ይይዘዋል?»

ዶሮቴያ የእናቷን መርዶ የሰማችበትን ጠዋት አስታወሰች። ስትወድቅ ወለሉ አልነካትም ነበር፤ የያዟት እጆች ነበሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ጆሮ ግንዱ ሸብቷል። ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለት። እግዜር አያሳይ፣ ፈገግታ ያን ያህል ይከብዳል?

ሲያልቅ ሊያገኛት መጣ፤ ስልኩን ሊከፍት ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው፣ አትክፈተው። ከእኔ ጋር ሁን።»

ፊቱ እንደ ድሮው በራ። ፖቶማክ ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ ቪዛ አገኘች» አላት። «በሐምሌ ትመጣለች። አሁንም ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች።»

«ምን ትላታለህ?»

«እወዳታለሁ እላታለኋ! ሌላ ምን እላታለሁ?» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያኔ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው፣ ዶሪ። ሌላ ምንም አላሰብኩም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው ወደ ወንዙ ዞራ። «አሁን አውቃለሁ።»

እንባዋን እንዳያይባት እስኪመሽ ድረስ ወንዙን ስታይ ቆየች። ኪዳኔም መጥቶ በመኪናው ወሰደው።

ሲነጋ የሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማ በር ተንኳኳ። ፍሬአብ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይኑ ከፈተ። አክስቱን አየ፤ ከኋላቸው የቆመውን ሰው አየ። ከሁሉ ኋላ ዶሮቴያ፣ ያችን ነጠላ ዘቅዝቃ ለብሳ ቆማለች። ፊቷ ምንም አልደበቀም።

«እናቴ?» አለ፤ የጠየቀው እሷን ነው።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍን እንባ ቀደማቸው። ዶሮቴያ በሰዎቹ መሀል አልፋ መጣች።

«እማማ ትብለጥ ዐረፉ፣ ፍሬ» አለችው በተሰባበረ አማርኛዋ።

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ከኮንሰርቱ በፊት?»

«ከኮንሰርቱ በፊት።»

ሲወድቅ መጀመሪያ የያዘችው እሷ ናት። እሱም አንገቷ ሥር ተሸጉጦ እንደ ልጅ ጮኸ። ማንም አላላቀቃቸውም።

ማክሰኞ ወደ ሃምቡርግ የሚሄደው አውሮፕላን ያለ እሷ ሄደ። ፍራሽ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ ከቨርጂኒያ የመጡ አንዲት ሴትዮ ወደ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጠጋ ብለው፣

«ይህቺ ፈረንጅ ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«ባለሐዘን ናት» አሏቸው።