የወይዘሮ ቡዜ ቢጫ ኪኒን

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤታቸው ሌንሳ ኩባያዋን ልትወስድ ስትመጣ የወይዘሮ ቡዜ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጋ ገባች። አልጋቸው ላይ ሞተዋል፤ ከራስጌያቸው ሌንሳ የሠራችላቸው አጥሚት ግማሹ ተጠጥቶ ተቀምጧል። ወንድማቸው ቦንሳ አስከሬኑ ሳይነሣ «መርዝ አጠጥታ ገደለቻት!» ብሎ ፎቁን አናወጠው። ሳይመሽ ሌንሳን ሰላም የሚላት ጠፋ።

ኢንስፔክተር ገዲሴ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፤ ጮኾ የሚመልስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚሳሳት ታውቃለች። የሟች ፊት ክብና ሙሉ ነው፤ ክንዳቸው ግን ቀጭን፣ ቆዳቸው ሳስቶ እዚህም እዚያም የበለዘ። አልጋው ሥር የተደበቀው ባልዲ ሲያስመልሳቸው እንደነበር ይመሰክራል። ፍራሹ ሥር የሁለት ዓመት ባዶ የኪኒን ከረጢት ተከማችቷል። የመጨረሻው ብቻ ቢጫ ኪኒን ይዟል፤ አንዱን ሰብራ አሸተተችው። ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ መሆኑ ከሁሉ በላይ ከበዳት።

«ኪኒኑ ነጭ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ነው ቢጫ የሆነው» አለች ሌንሳ። «'ባለመድኃኒት ቤቱ ቴዎ ካለ ልክ ነው' አሉኝ። ሰኞ ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ አጥሚቱን የሠራሁት ለዚያ ነው። ኢንስፔክተር፣ ልታሰር ነው?»

«የሠራሽው አለ?»

«አጥሚት ብቻ።»

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር መድኃኒት ቤት ያለው ቴዎ ፈገግታው አልጎደለም። «የሸጥኩላቸው ቫይታሚን ነው። በቫይታሚን ማን ይሞታል? ያ ሁሉ ማስመለስ ከሌላ ነገር ነው የሚመጣው።»

«ልክ ነህ» አለችው ገዲሴ።

ሐሙስ የአስከሬን ምርመራው መርዝ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ሌንሳን፣ ቦንሳንና ቴዎን እዚያው የሟች ቤት ሰበሰበቻቸው።

«የገደላቸው የተሰጣቸው ነገር አይደለም» አለች። «የተወሰደባቸው ነገር ነው። አሮጌዎቹ ከረጢቶች ውስጥ የቀረው ብናኝ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ሰው ማወፈሪያ የሚለው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ተቀባይ ፕሮቲን ይይዘዋል። ሁለቱ ተያይዘው ኒውክለሱ ውስጥ ይዘልቁና ዲኤንኤው ላይ የራሳቸውን ቦታ ፈልገው ይጣበቃሉ። እዚያ ሆነው አንዱን ጂን ያስነሣሉ፣ ሌላውን ዝም ያሰኛሉ። ዝም የተሰኘው፣ ከኩላሊት በላይ ያለው እጢያቸው ኮርቲዞልን፣ ሰውነት ሕመም የሚቋቋምበትን ሆርሞን፣ እንዲሠራ የሚያዝዘው ነበር። ሁለት ዓመት ሥራ የፈታ እጢ በሳምንት አይነቃም። ኪኒኑ በድንገት ቀረ፣ ትኩሳት መጣ፣ ሰውነታቸው የሚቋቋምበት አጣ።»

ወደ ቴዎ ዞረች። «ወይዘሮ ቡዜ ባልዲውን ደብቀው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ነው የተኙት። ሌንሳ እንኳ አላወቀችም። ማስመለሱን አንተ ከማን ሰማህ? ስልካቸው እንደሚያሳየው እሑድ አራት ጊዜ ደውለውልሃል፤ አንዱን አንሥተሃል።»

ቴዎ ቤቱ ውስጥ ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። «ቁጥጥር ይመጣል ሲባል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጤ እንዳይታወቅ በቫይታሚን ቀየርኩት። ያልፍልዎታል አልኳቸው...»

«ሐኪም ቤት ይሂዱ አላልካቸውም።»

«ሐኪሙ ምን ይወስዳሉ ብሎ ይጠይቃቸው ነበራ።»

ቦንሳ ሌንሳን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «እህቴን ለቅሶ ቤት፣ ሰው መሀል፣ 'ምነው ከሳሽ፣ በሽታ አለብሽ እንዴ?' ብያት ነበር» አለ። «ከዚያ ወዲህ ነው የወፈረችው።»

«አጥሚትሽ ጥፋት የለበትም» አለቻት ገዲሴ ሌንሳን። «ነፃ ነሽ።»

ሌንሳ ግን አለቀሰች። «ሰኞ አልገባሁም እኮ። ኩባያውን በር ላይ ሰጠኋቸው። ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ደስ እንዲላቸው 'ትኩሳቱም አልጎዳዎት፣ ተስማምቶዎታል' ብያቸው ሄድኩ።»

«ምን አሉ?»

«ሳቁ። በሩን ግን አልዘጉትም፤ ገርበብ አድርገው ተውት።»