ከግድቡ በታች

«አሁን እንዳትነኪው!» አለች ሚጣ።

ቀጮ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ካሜራው በወንዙ መሀል ባለች የጠጠር ደሴት ላይ፣ በባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ተገትሯል። ሌንሱ ላይ የተገጠመው ፊልተር እንደ ከሰል የጠቆረ መስታወት ነው። ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። የቀረችው ጭላንጭል ያንን ጥቁር መስታወት አልፋ ምስል እስክትሠራ፣ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ደቂቃዎች መቆየት አለበት። በዚህ መሀል ከተነቃነቀ ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ ነው።

«ሲወጣ ውሃው ምን ይመስላል?» አለች ቀጮ።

«ጉም። የሚሮጠው ሁሉ ይደራረብና ነጭ ጉም ይሆናል። ጥርት ብለው የሚቀሩት ድንጋዮቹ ብቻ ናቸው።»

«በቃ፣ የትምህርት ቤቱ ውድድር አለቀለት! ሌሎቹ ድመት ሲያነሱ ይኑሩ።»

ሚጣ ሳቀች። ካሜራው የአክስቷ ነው። አክስቷ ሠርግና ልደት እያነሳች ቤቱን የምታስተዳድር፣ ሚጣንም ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደገች ናት። ካሜራውን ስትሰጣት፣ «ከግድቡ በታች ከወረዳችሁ መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቁ። ውሃ ሲለቁ ወንዙ ቀልድ አያውቅም» ብላ አስጠንቅቃታለች። ጥበቃው ዘንድ የሄደችው ቀጮ ነበረች። ሚጣ ዕቃውን እስክታሰናዳ ሮጣ ተመለሰችና፣ «ዛሬ ውሃ አይለቀቅም ብሏል» አለቻት።

በድንገት ከወደ ግድቡ ሳይረን ጮኸ። ረጅምና ሻካራ ድምፅ ነው፤ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«ምንድን ነው?» አለች ሚጣ።

«ሠራተኞቹ የሚወጡበት ሰዓት ይሆናላ።» የቀጮ ድምፅ ቀጥኗል። «ፋራ አትሁኚ ባክሽ።»

ሚጣ ካሜራውን አየችው። ሊጨርስ ጥቂት ነው የቀረው። አሁን ካነሳችው ምስሉ ተበላሸ፣ ብርሃኑም ለነገ አይቆያትም። ትንሽ ልታገስ ብላ ቆመች። ዓይኗ ከፊት ለፊቷ ካለው ክብ ድንጋይ ላይ ነበር። ቅድም እስከ ወገቡ ደረቅ ነበር። አሁን አናቱ ብቻ ቀርቷል።

ከዚያ አናቱም ጠፋ።

ወደ ኋላዋ ዞረች። ሲመጡ እየዘለሉ የተሻገሩባቸው ድንጋዮች የሉም። በቦታቸው ቡናማ ውሃ እየተገለባበጠ ይወርዳል። የወንዙ ድምፅ ተቀይሯል፤ ጉሮሮው የሰፋ ይመስላል።

«ቀጮ፣ ጥበቃው ምን ነበር ያለሽ?»

ቀጮ ፊቷን አዞረች።

«ቀጮ!»

«አላገኘሁትም።» ቀጮ ማልቀስ ጀመረች። «በሩ ላይ ሰው አልነበረም። ብነግርሽ እንመለስ ትያለሽ ብዬ… ሚጣ፣ እኔ ዋና አልችልም እኮ!»

ሚጣ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። እሷም ብትሆን የምትዋኘው እንደ ነገሩ ነው። ውሃው የጫማዋን ጫፍ ሲነካት ነው ከእንቅልፍ እንደሚነቃ ሰው የባነነችው። ምስሉን ጨርሶ ዓይኑን የዘጋውን ካሜራ ከማቆሚያው ነቅላ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። የማቆሚያውን እግሮች አጣምራ አስረዘመቻቸውና አንዱን ጫፍ ለቀጮ ሰጠቻት።

«ይህን ያዢ። የመጣው ቢመጣ እንዳትለቂ!»

ገቡ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ሚጣ መሬቱን በእግሯ እየዳሰሰች አንድ እርምጃ ሄደች፤ ደገመች። ውሃው ጭኗ ደረሰ። ከእግሯ በታች ያለው ጠጠር ራሱ ይሸሻል። ከኋላዋ ቀጮ ጮኸች፤ ማቆሚያውም የሚጣን ክንድ ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ሚጣ በግንባሯ ተደፋች። አፏ ጭቃ ሞላ፣ ካሜራው ከአለት ጋር ተላተመ። እናቴ ልትል ፈለገች፤ የወጣው ግን አረፋ ብቻ ነበር።

አንድ ሻካራ እጅ አንገትጌዋን ጨምድዶ ያዛት።

የግድቡ ጥበቃ ነበሩ፤ ሽበታም ሰው ናቸው። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በአንድ እጃቸው የዛፍ ሥር ጨብጠው፣ ሚጣን ከነማቆሚያው፣ ማቆሚያውንም ከነቀጮ ጎትተው ዳር አወጧቸው።

«ሳይረኑን አልሰማችሁም? ደንቁራችኋል?» ብለው ጮኹባቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ወዲያው ደግሞ ደረቅ ካፖርታቸውን ከዳር አንስተው ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠቀለሏቸው። «እኔን… እኔን ልጆቼ… ምን ብዬ ለወላጆቻችሁ ልንገር ነበር?»

ሚጣ ቤት ስትደርስ አክስቷ አልተቆጣችም። ይህ ከቁጣው ይብስ ነበር። ሚጣን ልብስ አስለውጣ አልጋ ውስጥ ከከተተቻት በኋላ፣ የፊልተሩን ስባሪ ከሌንሱ ላይ አንድ በአንድ ለቀመች። የማስታወሻ ካርዱን አድርቃ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስትከተው ፎቶው አለ። በነጭ ጉም ውስጥ ጥቁር አለቶች ተንሳፈዋል፤ ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየችው።

«ያምራል» አለች በመጨረሻ። «ሁለተኛ እንዳታሳዪኝ።»

የሚጣ ስልክ ጮኸ። ቀጮ ነበረች፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ለአባዬ ሳይረኑ አልተነፋም አልኩት። ሊገድለኝ ነበር እኮ! ነገ ጠዋት ግድቡ ቢሮ ሄዶ ጥበቃውን ሊከሳቸው ነው። አንቺም እንደዚያው በይ፣ እሺ?»

«ያወጡን እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ቢበዛ ወደ ሌላ ቦታ ይቀይሯቸዋል።»

«ቢያባርሯቸውስ?»

«ጓደኛዬ ነሽ አይደለሽም?» አለች ቀጮና ስልኩ ተዘጋ።

ሚጣ ስልኩን አስቀመጠች። የቀጮ አባት ሲቆጡ መንደሩ በሙሉ በሩን የሚዘጋባቸው ሰው ናቸው። ቀጮ ደግሞ ብቸኛ ጓደኛዋ ናት። ከሁሉም የባሰው ሌላ ነው። እውነቱን ከተናገረች የራሷንም ጥፋት መናገሯ ነው።

«ማን ነበር?» አለች አክስቷ ከበሩ።

«ቀጮ ናት።» ሚጣ ብርድ ልብሱን ጨበጠች። «እትዬ፣ ሳይረኑ ተነፍቶ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ፎቶው እስኪያልቅ ብዬ ነው የቆየሁት። የቀጮ አባት ግን አልተነፋም ብለው ነገ ጥበቃውን ሊከሱ ነው።»

አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ነገ አብሬሽ ልሂድ?»

«መጀመሪያ ቀጮ ጋ ልሂድ። ብቻዬን።»

ጠዋት የቀጮ ቤት በር ላይ ስትደርስ፣ የአባትየው ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ጫማቸውን ይጠይቃሉ፣ ያጉረመርማሉ። ሚጣ ሁለት ጊዜ እጇን አንስታ መለሰችው። በሦስተኛው አንኳኳች።

የከፈተችላት ቀጮ ናት። ዓይኗ አብጧል። ሚጣን ስታይ ለምን እንደመጣች ወዲያው ገባት፤ በሩን ግማሽ መለሰችው።

«ባክሽ» አለች በሹክሹክታ። «ባክሽ ሚጣ።»

«እኔ እናገራለሁ። የእኔን ነው የማስቀድመው» አለች ሚጣ። «አንቺ አጠገቤ ቁሚ ብቻ።»

«ማነው እሱ?» አሉ አባትየው ከውስጥ።

ቀጮ በሩን እንደያዘች ቀረች። አልዘጋችውም፤ አልከፈተችውምም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ሚጣ። ጎኗን አዙራ በክፍተቱ ገባች።