አኒሞኗ እስክትድን

«እዚህ ውስጥ ውሃ የጨመረ ሰው አለ?»

አርሴማ ከሒሳብ ደብተሯ ቀና አላለችም። ወንድሟ እሱባለው የጨው መለኪያዋን ይዞ ከመስታወቱ ገንዳ አጠገብ ቆሟል። መለኪያዋ አጭር ቱቦ ነገር ናት፤ ጫፏ ላይ ጠብታ ውሃ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይባታል። አሁንም አየ፣ ጠረገ፣ ደግሞ አየ።

አርሴማ መልሱን ታውቀዋለች። ጠዋት በበሩ ስንጥቅ አይታለች። እናታቸው ብርነሽ ከጸበል እንደተመለሰች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከገንዳው አንድ ጆግ ውሃ ቀዳች። ከዚያ በምትኩ ከጀሪካኗ አንድ ጆግ ጸበል ሞላችበት። የውሃው መጠን ገንዳው ላይ ካለው ምልክት ከፍም ዝቅም አላለም። ብርነሽ ጥንቁቅ ሴት ናት።

እሱባለው ዝምታውን «የለም» ብሎ ወሰደው። «እንግዲህ ወይ መለኪያዋ ተበላሽታለች፣ ወይ እኔ...» አለና ተወው።

እሱባለው ጅቡቲ ውስጥ የሆቴሎችን የዓሣ ገንዳ ለሚንከባከብ ሰው ሲሠራ ቆይቶ ነው ባለፈው ዓመት የተመለሰው። ሰውዬው ሱቁን ሲዘጋ ገንዳውን ከነመብራቱ፣ ከነድንጋዩና ከነባሕር ጨው ከረጢቱ ሰጠው። ውሃ በተሞላ ፌስታል ውስጥ ደግሞ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦችና አኒሞን የምትባል አንዲት የባሕር ፍጥረት አብረው መጡ። የሚኖሩባት ዓለም ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ስለማታውቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ጎረፈ። አበባ ናት አሉ። እንስሳ ናት፣ እነዚያ ጣት የመሰሉ ነገሮቿ ምግብ መያዣዎቿ ናቸው ሲላቸው ሳቁበት። ብርነሽ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጾም ምን ልንሰጣት ነው?

ታዲያ በዐቢይ ጾም መካከል መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ማሞቂያው ቆሞ ውሃው ቀዘቀዘ። አኒሞኗ ከድንጋዩ ለቀቀች። እንደ እርጥብ ካልሲ ተሸበሸበች፤ አፏም ተከፈተ። በዚያው ሳምንት የድሮው አሠሪ ደወለ። ሱቁን እንደገና ስለከፈተ ቶሎ ና አለው።

«ይቺ ሳትድን የትም አልሄድም» አለ እሱባለው በስልክ።

ይህች ቃል አርሴማ ጆሮ ውስጥ ቀረች።

እሱባለው የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ተስባ እንዳትገባ የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ሸፈነ፤ መብራቱን ቀነሰ፤ ማንም እንዳይነካት አስጠነቀቀ። የጨው ውሃውን በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረገ ማታ ማታ ያስተካክላል። ጨዉ በአንዴ ከፍ ሲልም ዝቅ ሲልም ትደነግጣለች፤ የምትፈልገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውሃ ነው ይል ነበር። በማግስቱ ሲለካ ግን ጨዉ ቀንሶ ያገኘዋል።

አርሴማ ነገሩ ገብቷታል። እናቷ የጨመረችው ጸበል መሆኑ ግን አፏን ያዘው። ጸበል ይጎዳል ብሎ ማን ይናገራል? እንዲህ እያለች ራሷን ታታልላለች እንጂ እውነቱ ሌላ ነበር። እሱባለው ሳይመጣ በፊት ቤቱ ውስጥ እሷና እናቷ ብቻ ነበሩ፤ እናቷም አብዛኛውን ጊዜ የምታወራው ከሬዲዮኑ ጋር ነው። አሁን ለሚኒስትሪ ፈተና የሚያስጠናት፣ «አታካብጂው፣ ቀላል ነው» እያለ እርሳሱን የሚቀማት ሰው አላት። አኒሞኗ እስከታመመች ድረስ ደግሞ እሱ አለ።

ጓደኛዋ እየሩስ አንድ ቀን የገንዳውን ጨው ውሃ አይታ «ያቺ ሾርባችሁ አልበሰለችም?» ብላ ስትቀልድ አርሴማ ሳቅ አልመጣላትም። አኒሞኗ እየነጣች ነበር። እላይዋ ላይ ተኝተው ይውሉ የነበሩት ዓሦች አንድ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ያን ዕለት እሱባለው አላስጠናትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲያይ ቆየ።

«ድሮም አልችልበትም ነበር ማለት ነው» አለ። «የሚያውቀው ሰውዬው ነበር፤ እኔ ባልዲ ተሸካሚ ነበርኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ብርነሽ ጸበል የሞላበትን ጆግ ስታነሳ አርሴማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ ተይው።»

«ምነው ልጄ? ጸበል እኮ ነው።»

«ጸበልነቱን አይደለም የምልሽ። ጨው የለውም። እሱባ ማታ ያስተካከለውን አንቺ ጠዋት ታቀጥኝበታለሽ።»

ብርነሽ ጆጉን እንደያዘች ቀረች። «እኔ ነኝ የማሳምማት?»

«አላወቅሽማ።»

«አንቺስ? አንቺ አውቀሻል?»

አርሴማ መሬት መሬቱን አየች። «ከዳነች ይሄዳል» አለች።

እናቷ ቀስ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ይሄዳል። ሲደወልለት ሰምቻለሁ» አለች። «ሱባኤ የያዝኩት ግን ቶሎ ድናለት ፊቱ እንዲፈታ ብዬ ነው። እዚህ ቀርቶልኝ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ከሚውል...» አልጨረሰችውም። ጆጉን ለልጇ ዘረጋችላት። «በይ አንቺ ጠጪው። ፈተናሽ ደርሷል።»

አርሴማ ጠጣች። ብርነሽ ለእሱ አትንገሪው፣ አፍራለሁ ብላ ለመነቻት፤ ከዛሬ ጀምሮ አልጨምርም፣ ይበቃል አለች። አርሴማ አሰበችበት። እናቷ ካቆመች አኒሞኗ ትድን ይሆናል፤ እሱባለው ግን እጆቹን እንደጠረጠረ ይኖራል። ጆጉን አስቀምጣ ወደ ክፍሉ ገባች።

ሁሉንም ነገረችው። እናታቸው ምን ብላ እንደጨመረች፣ እሷም እያየች ለምን ዝም እንዳለች። እሱባለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማ። አልተቆጣም፤ አልሳቀምም። እስክትጨርስ ቆይቶ፦

«በጆግ ነው በኩባያ?» አላት።

«በጆግ።»

«ትልቁ?»

«ትልቁ።»

ለአፍታ በጣቱ ጭኑ ላይ ሲያሰላ ቆየ። ከዚያ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንግዲያው መለኪያዋ ደህና ናት» አለ።

ውሃው አንድ ዓይነት ሆኖ ሰነበተ። አኒሞኗ መጀመሪያ አፏን ገጠመች። ቀጥሎ እየተንፏቀቀች ከድንጋዩ ሥር ጥላ ፈልጋ እግሯን አጣበቀች። አንድ ከሰዓት አርሴማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትልቁ ዓሣ በአኒሞኗ ጣቶች መሃል ገብቶ ሲንከባለል አገኘችው። እሱባለው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ለረጅም ጊዜ አብረው አዩት። ከዚያ መለኪያዋን እጇ ላይ አስቀመጠላትና ጨው እንዴት እንደሚበጠበጥ ያሳያት ጀመር። ለምን አሁን ብላ አልጠየቀችውም። እጅጌዋን ሰብስባ ባልዲውን አቀረበች።

ከፋሲካ በኋላ እሱባለው በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። ብርነሽ፣ አርሴማ፣ ሁለቱ ዓሦችና አኒሞኗ ዓለም ከተማ ቀሩ።