የሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ሽሪምፕ

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ማለቂያ፣ የሜልበርን ሕዝብ ወረርሽኙ ካመጣበት የረዥም ወራት እገዳ በወጣ ሰሞን፣ የአልቶና ባሕር ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር። ከሰንሻይን ሰፈር የመጡት ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ከማለዳ ጀምሮ መንጠቆ ቢወረውሩም አንድ ሳልመን ዓሣ እንኳ አልነካላቸውም። የአጥማጆቹ ማኅበር ከእገዳው በኋላ የመጀመሪያውን ሳልመን የሚይዘው ፍላይ፣ ሽሪምፕ የምትባለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት አስመስሎ ከላባና ከክር በመንጠቆ ላይ የሚታሰረው ማጥመጃ፣ ከሠሪው ስም ጋር በመስታወት ሆኖ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ወስኗል፤ ሃምሳ አለቃም ያንን ክብር አጥብቀው ይሹት ነበር።

ይልቁንም ስዩም እንዳይወስደው። ስዩም በምጽዋ ባሕር ኃይል ሳሉ ከሥራቸው የነበረ ተራ መርከበኛ ነው፤ የመጀመሪያውን የገመድ ቋጠሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ከእገዳው በፊት ግን ሳልመኑ ሁሉ የእርሱን ሸካራ ፍላይ እየመረጠ የእሳቸውን እንደ ጌጥ የተዋበ ሥራ ይንቅባቸው ነበር። ይህ አንጀታቸውን ያሳርረዋል።

ስዩም ረፋዱ ላይ ከሥራ ሺፍቱ ወጥቶ ደረሰ።

«እንዴት አደሩ፣ ሃምሳ አለቃ? ነካ አደረገ?»

«ዓሣውም እንደ ሰዉ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል።»

«እስቲ የእኔን ይሞክሩት።»

ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ከት ብለው ሳቁ። «አንተ! ጅራቱን ወደ ፊት፣ ዓይኑን ወደ ኋላ? ሰክረህ ነው ያሰርከው?»

«ሽሪምፕ ሲደነግጥ ወደ ኋላ ነው የሚሸሸው፣ ጌታዬ። ቤት ወስጄ በብርጭቆ ውስጥ አይቼዋለሁ።»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ርኩስ ቤትህ አስገባህ?»

«አየሁት እንጂ አልበላሁት። ይወርውሩ፤ አለቃ ይቀድማል።»

ሃምሳ አለቃ እንዳይረክሱ ሲሉ ሕያው ሽሪምፕ ቀርበው አይተው አያውቁም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ፊት የሚዋኝ ሽሪምፕ ሲያስሩ ኖረዋል። ወረወሩ፤ ክሩን ሳብ፣ ቆም፣ ደግሞ ሳብ አደረጉት፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ሳልመኑ እየተንፈራገጠ ወጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ያኔት ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ደግና እየሮጠች መጣች። «ዋው፣ ጋሼ! ፍላዩን ማን አሰረው?»

«እኔ» አሉ።

ልጅቱ ወደ ስዩም ዞረች። ስዩም እጆቹን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ቀጥ አለ።

«አዎን፣ የሃምሳ አለቃ እጅ ነው» አለ።

የማኅበሩ ግድግዳ ዛሬም የወልደአማኑኤልን ስም ይዟል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ አጥማጆችም ዓይኑ ወደ ኋላ የዞረውን ፍላይ በእሳቸው ስም ይጠሩታል፤ ተጽፎ የቀረው ይኸው ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃ ግን ወደዚያ በሄዱ ቁጥር ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ስዩም ከፊታቸው ሆኖ መስታወቱን ቀና ብሎ እያየ ሻዩን በሰላም ይጠጣል፤ እሳቸውም በዚያ ሰላሙ ይቀናሉ።